ጠጉሩ እንዳያታልላችሁ፦ ያክን በትንሽ እርሻ ማርባት

ያክ በእስያ ተራሮች የሚረባ ጠጉራም የከብት ዘመድ ነው። መጀመሪያ ያየው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጠጉሩ ላይ ነው። ከጎኑ ወርዶ ጉልበቱ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ጭራውም የላም ሳይሆን የፈረስ ይመስላል። ጀማሪ አርቢም የሚሳሳተው እዚሁ ጠጉር ላይ ነው። እንስሳውን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ከሚደርስ ብርድ ያድነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ክሳትንም ይደብቃል። መዥገርንም፣ ቁስልንም ይደብቃል። የኤሌክትሪክ አጥር ሲነካው እንኳ ንዝረቱ ቆዳው ጋ አይደርስም። ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ ላይ እንደመቆም ነው።

ስለዚህ «ጠጉራም ላም ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። የከብት ዘመድ ስለሆነ አብዛኛው የከብት አያያዝ ይሠራለታል። ኪሳራው የሚመጣው ግን በልዩነቱ በኩል ነው። እዚህ የማተኩረውም በልዩነቱ ላይ ነው።

ከአየሩ ጀምሩ

ያክ የቲቤት አምባና የሂማላያ ተራሮች እንስሳ ነው። በሞንጎሊያና በኪርጊዝስታንም ይረባል። አገሩ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ ብዙ ሰው «ተራራ ከሌለኝ አይሆንም» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ልቡና ሳንባው ትልልቅ ናቸው። የጎን አጥንቱ እንኳ ቢያንስ 14 ጥንድ ነው፤ ላም 13 ነው ያላት። ይህ ሁሉ በስስ አየር ለመኖር ያገዘዋል። ዝቅ ብሎ ሲኖር አየሩ ስለበዛለት አይጎዳም። የሚጎዳው ሙቀቱ ነው።

ያክ እንደልቡ አያልበውም። ላብ የሚወጣው አፍንጫው አካባቢ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚያወጣው በትንፋሽ ነው። አየሩ 13 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ትንፋሹ መፍጠን ይጀምራል። 20 ሲደርስና ነፋስ ሲጠፋ ጥላ ሥር ወይም ውኃ ዳር ሄዶ ይገተራል። አይግጥም፣ አያመሰኳም።

የሞቃቱን ወቅት የቀን ሙቀት ብቻ አትዩ። ዋናው ሌሊቱ ነው። ቀን 28 ዲግሪ ሆኖ ሌሊት 10 የሚገባ ቦታ ያክ ቀን ጥላ ሥር ያሳልፋል፣ ማታና ንጋት ይግጣል፤ ይኖራል። ሌሊቱም ወበቅ ሆኖ ሳምንታት የሚቆይበት ቦታ ከሆነ ግን ሌላ እንስሳ ፈልጉ። የአየር ማራገቢያና የውኃ መርጫ አቁሜ አኖረዋለሁ የሚል ሰው አይጠፋም። እኔን ብትጠይቁኝ ለእንስሳውም ለኪሳችሁም አይበጅም።

እንስሳው ሳይመጣ አጥሩ ይቁም

ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ጠንካራ የሽቦ መረብ ይበቃል። ያክ ምግቡ፣ ውኃውና ጓደኛው እዚያው እስካለ ድረስ አጥር ሲፈትን የሚውል እንስሳ አይደለም። ብቻውን ሲሆን ግን ጓደኛ ፍለጋ ይወጣል። እሾሃማ ሽቦ አልመክርም። ጠጉሩን ይነጫል፣ ጥጃንም ይቀዳል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ከጨመራችሁ በአፍንጫው ከፍታ ይሁን። እርጥቡ አፍንጫው ነው ንዝረቱን የሚያውቅለት። በጎኑ ከመጣ ጠጉሩ ይከልለዋልና ሳያውቀው ገፍቶ ያልፋል። አዲስ የመጣ ያክ ትንሽ አጥር ግቢ ውስጥ ሆኖ ሽቦውን አንድ ሁለቴ በአፍንጫው ቢነካ ትምህርቱ ይበቃዋል።

ለብርድ በረት መሥራት አያስፈልግም። አዋቂ ያክ በረዶ ጀርባው ላይ ተከምሮ ሳይቀልጥ ሲያመሰኳ ታዩታላችሁ፤ ሙቀቱ አይባክንም ማለት ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ነፋስ መከለያና ጥላ። ጥላው ነፋስ የሚገባበት፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ይሁን። የታፈነ ቤት ውስጥ ካስገባችሁት ሳንባውን ትጎዳላችሁ። ዛፍ ካላችሁ ከማንኛውም ጣሪያ ይሻላል።

ውኃውን ጥላ ሥር አድርጉት። በሞቃት ቀን ለአንድ አዋቂ እስከ 40 ሊትር አስባችሁ ገንዳውን ምረጡ። በብርድ ጊዜ በረዶ ይልሳል፤ ያም ሆኖ ገንዳው ላይ የረጋውን በረዶ መስበር የእናንተ ሥራ ነው። ውኃ ያነሰው እንስሳ ድርቆሽም ያንሰዋል።

አንድ የማይዘለል ነገር አለ፤ መያዣ በረት። ለክትባትና ለሕክምና እንስሳውን የምታቆሙበት ጠባብ መተላለፊያ ማለት ነው። ለላም የተሠራ የአንገት መቆንጠጫ ለያክ አይሆንም። ቀንዱ ወደ ጎን ተዘርግቶ ስለሚወጣ ይሰነቀራል። ፊት ለፊቱ ላይ ሙሉ በር ያለው፣ ከጎን መዝጊያ የሚገፋ አሠራር ይሻላል። ይህን ሳትሠሩ ያክ አትግዙ። የታመመ እንስሳ ቆሞ እያያችሁ መያዝ ካልቻላችሁ ሐኪሙ መጥቶም ምንም አያደርግ።

ስንትና ምን ዓይነት

ብቻውን ያክ አይያዝም። ሁለት ዝቅተኛው ነው፤ ሦስት ይሻላል። ለጀማሪ የምመክረው ሁለት ወይም ሦስት የተኮላሹ ወጣት ወንዶችን ነው። እርግዝና የለ፣ ኮርማ የለ፣ ወሊድ የለ። አንድ ዓመት ሙሉ እንስሳውን ታጠናላችሁ። ለመራባት የቸኮለ ሰው ሦስት ጊደሮች ይውሰድ። ኮርማ በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ። ለሦስት ላም ኮርማ ማብላት ትርፍ የለውም። በዚያ ላይ እስከ 600 ኪሎ የሚደርስ ባለቀንድ እንስሳ መማሪያ አይሆንም።

ሴቷ ከ225 እስከ 320 ኪሎ ትመዝናለች። ከትልቅ የሥጋ ላም ግማሽ ገደማ ናት። ግጦሽ ስታሰሉ ይህን ያዙ፤ አንድ ትልቅ ላም የምታኖር መሬት ሁለት ሴት ያክ ታኖራለች ብሎ መነሳት ይቻላል።

ስትገዙ ዓይናችሁን አትመኑ። እጃችሁን ጠጉሩ ውስጥ አስገቡ። የጎን አጥንቱን፣ የጀርባ አከርካሪውን፣ ከጭራው ሥር ያለውን ዳሱ። ውጩ ግርማ ሞገስ ያለው ሆኖ ውስጡ አጥንት ብቻ የሆነ ያክ ብዙ ነው። ሻጩ «ንክኪ አይወድም» ካለ ይህም መልስ ነው፤ ሌላ ቦታ ሂዱ። የውርጃ በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀት ጠይቁ። ንጹሕ ዘር የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ ይኑረው። ያክ ከላም ጋር ስለሚዳቀል በመልክ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

በእጅ ጡጦ ያደገ ወንድ ጥጃ ስታዩ አትጓጉ። ትንሽ ሳለ ያምራል። ሲያድግ ሰውን እንደ እኩያው ያያል፤ እኩያውን ደግሞ በቀንዱ ነው የሚፈትነው።

የመጀመሪያው ወር

ጉዞው ሌሊት ወይም ማለዳ ይሁን። መኪናው ነፋስ ያስገባ። ኮርማና ጥጃ፣ ትልቅ ቀንድና ትንሽ ቀንድ አንድ ላይ አይጫኑ።

ሌላ ከብት ካላችሁ አዲሶቹን 30 ቀን ለብቻ አቆዩ። በዚህ ጊዜ የእበት ምርመራ አሠሩ፣ ክትባታቸውን አሟሉ። ዋናው ሥራችሁ ግን መቀመጥ ነው። የምሬን ነው። ወንበር ይዛችሁ አጥሩ ዳር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ያክ እንደ ላም «እምቧ» አይልም፤ ያጉረመርማል። በላቲን የተሰጠው ሳይንሳዊ ስሙም የሚያጉረመርም በሬ ማለት ነው። ጥጃዋን ስትጠራ፣ ምግብ ሲዘገይ፣ ሲጨነቅ የሚያሰማው ማጉረምረም ይለያያል። ጭራውንም ተመልከቱ። ጭራው ቀጥ ብሎ ከቆመ ደሙ ሞቋል ማለት ነው፤ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ ጠብም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ እስክትለዩ ድረስ ከመንገዱ ውጡ።

ግጦሽ፣ ድርቆሽ፣ ማዕድን

ረጅም ሣር ሲያገኝ እንደ ላም በምላሱ ጠምጥሞ ይነቅላል። አጭር ሲሆን ደግሞ እንደ በግ በከንፈሩና በጥርሱ ከመሬት ይላጫል። ይህ ችሎታ በአገሩ ነፍሱን ያተረፈው ነው። በትንሽ እርሻ ላይ ግን ጣጣ ነው። ሜዳውን እስከ ሥሩ ያነሣዋል፣ ከአፈር አጠገብ ያለውን የጥገኛ ትል እጭም አብሮ ይውጣል። ስለዚህ ሜዳውን ቢያንስ አራት ቦታ ክፈሉት። ሣሩ ወደ 8 ሴንቲሜትር ሲወርድ አዛውሩት። «ገና ይበላል እኮ» አትበሉ፤ እሱማ አፈሩንም ይበላል።

ለብርዱ ወራት ሒሳቡ ቀላል ነው። 300 ኪሎ የምትመዝን ያክ በቀን የክብደቷን 2 በመቶ ማለትም 6 ኪሎ ድርቆሽ ትበላለች ብላችሁ ተነሱ። ግጦሽ የማይገኝበት ጊዜ 150 ቀን ከሆነ 900 ኪሎ ነው። የሚረገጠውና የሚበላሸው ሲጨመር ለአንድ ራስ አንድ ቶን ያዙ። ተራ የሣር ድርቆሽ ይበቃል። ያክ ድሃ መኖ ተጠቅሞ መኖር የለመደ እንስሳ ስለሆነ እህል አታብዙበት። ድንገት ብዙ እህል የበላ ሆዱ ይኮመጥጣል፤ ሊሞትም ይችላል። አንድ ጭብጥ እህል ለማባበያ ይሁን፣ ለቀለብ አይሁን። የምታጠባ ላምና በማደግ ላይ ያለች ጊደር ግን የተሻለ ድርቆሽ ይገባቸዋል።

የድርቆሹን ማሰሪያ ናይለን ቆጥራችሁ አውጡ። አምስት እስር ከፈታችሁ አምስት ገመድ እጃችሁ ላይ ይኑር። ያክ ነገር ይመረምራል፣ ያላምጣል፣ ቀንዱ ላይ ይጠመጥማል።

አሁን ብዙ አርቢ የሚዘነጋው ነገር፦ መዳብ። ያክ መዳብ ሲያንሰው ጥቁር ጠጉሩ ወደ ቀይ ቡናማ ይገረጣል፣ ይሻክራል። ይቀዝናል፣ ላሟ ኮርማ መፈለግ ትተዋለች፣ ጥጃው ደካማ ሆኖ ይወለዳል። ሰው ግን ፀሐይ አገረጣው ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዴ መኖው ውስጥ መዳብ አለ፣ ግን ውኃው ወይም አፈሩ ውስጥ የበዛው ብረት፣ ድኝ ወይም ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን አላስጠቅም ይለዋል። ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ጨው ዓመቱን ሙሉ አቅርቡ። የበግ አታድርጉት፤ በግ መዳብ ስለሚመርዛት የሷ ጨው ሆን ተብሎ መዳብ አይገባበትም። ከዚያ በላይ በመርፌም ሆነ በክኒን ለመጨመር መጀመሪያ በሐኪም አስመርምሩ። መዳብ ሲበዛም ይገድላል። ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድንም እንዲሁ ነው።

በወር አንድ ጊዜ እጃችሁን አስገቡ

ይህን ብቻ ካደረጋችሁ ግማሹን ችግር ቀድማችሁ ትደርሱበታላችሁ። በወር አንድ ቀን እያንዳንዱን እንስሳ መያዣው ውስጥ አስገቡና ዳሱ። የጎን አጥንቶቹ ትንሽ ጫን ሲባሉ የሚዳሰሱ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተቆጠሩ ከስቷል። ጭራሽ ካልተገኙ ሰብቷል፤ የሰባ ያክ በሙቀት ይበልጥ ይቸገራል። ቀኑንና ያገኛችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። በዓይን የተያዘ ትዝታ አይታመንም፤ በተለይ ጠጉሩ በወፈረበት ወር።

እግረ መንገዳችሁን ብብቱን፣ ጆሮውን፣ የጭራውን ሥርና የጡቱን አካባቢ ለመዥገር ፈትሹ። ሰኮናው ድንጋያማ መሬት ላይ ራሱ ይሳላል። ለስላሳና ረግረግ ሜዳ ላይ የሚውል ከሆነ ግን አልፎ አልፎ መከርከም ይፈልጋል።

ጀርባ ላይ የሚፈስ የትልና የመዥገር መድኃኒት ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ጠጉሩ ላይ ፈስሶ ከቀረ ቆዳውን አልነካም፤ አክማችኋል ግን አላከማችሁም። ጠጉሩን በጣት ከፍላችሁ ቆዳው ላይ አፍስሱ። ወይም ሐኪሙ በአፍ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ይዘዝላችሁ። መጠኑን በግምት አትስጡ፤ ጠጉሩ ክብደቱን ከእውነቱ በላይ ያስመስለዋል። በሚዛን ወይም በደረት መለኪያ ሜትር አረጋግጡ።

ላም የሚይዛት በሽታ ያክንም ይይዘዋል፦ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ጎርርሳ፣ የአፍና እግር በሽታ፣ የውርጃ በሽታ። ክትባቱን በአካባቢያችሁ ሐኪም ፕሮግራም አስገቡት። ከበጎች ጋር አንድ በረት አታሳድሩት። በግ ሳትታመም የምትሸከመው ቫይረስ አለ፤ ወደ ከብት ዘመዶች ሲተላለፍ ከዓይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ የሚያስወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚገድል ትኩሳት ያመጣል።

በሙቀት የተመታ ያክ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ይተነፍሳል። ያን ጊዜ አትንዱት፣ አታስሩት። ጥላ ሥር ይቁም። ቀዝቃዛ ውኃ እግሩና ሆዱ ላይ አፍስሱ። ከጀርባው ላይ ረጭ ረጭ ማድረግ ጠጉሩን ያርሳል እንጂ ቆዳው ጋ አይደርስም። ሐኪም ጥሩ። የታቀደ ሥራ ሁሉ ደግሞ፣ ክትባትም ሆነ ጆሮ መበሳት፣ ማለዳ ይሁን።

ማለማመድ

ጥጃ ጡት በሚጥልበት ጊዜ፣ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ የአፍንጫ ማሰሪያ ሳይሆን የራስ ማሰሪያ ገመድ አስለምዱት። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲጎትት አትጎትቱት፤ ቁሙና ጠብቁት። ወደናንተ አንድ እርምጃ ሲመጣ ወዲያው አላሉለት። ያክ ብልህ ነው፤ የገባውን አይረሳም፤ የበደላችሁትንም እንዲሁ።

ቀንዱን አትያዙ። ለእሱ ቀንድ መያዝ የትግል ጥሪ ነው። ጭንቅላቱን ሲወረውር ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ነውና ከትከሻው ኋላ መቆም ልመዱ። መያዣ በረቱን ደግሞ የመርፌ ቤት ብቻ አታድርጉት። በሳምንት አንዴ እያሳለፋችሁ እዚያው አንድ ጭብጥ እህል ስጡት። መርፌው የሚመጣበት ቀን ከብዙ ቀን አንዱ ይሆናል።

ጥቂና ወሊድ

ሴቷ በደህና መኖ ካደገች ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ልትጠቃ ትችላለች። ኮርማ የምትፈልገው በብዛት በሞቃቱ ወቅት መጨረሻና ከዚያ በኋላ ነው። ዑደቱ 20 ቀን ገደማ ነው፤ ፍላጎቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለዚህ ነው ሰው ሠራሽ ማዳቀል በትንሽ እርሻ የሚያስቸግረው። ኮርማ ለሁለት ወር መዋስ ይቀላል፤ ግን የጤና ምርመራ ወረቀቱን ሳታዩ አታስገቡት።

እርግዝናው 258 ቀን አካባቢ ነው። ከላም ሦስት ሳምንት ያህል ያጥራል። የላም ቀመር ይዛችሁ ከቆጠራችሁ ጥጃው ይቀድማችኋል። ሲወለድ ከ10 እስከ 18 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ምጡ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። እናቲቱ ከመንጋው ተለይታ ጥግ ትይዛለች። አትከተሏት፤ ከሩቅ እዩ። ጥጃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን ሊጠባ ይገባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ወይም እንግዴ ልጁ እስከ ማግስቱ ካልወረደ ሐኪም ጥሩ።

ብርድ የማይፈራው ያክ ብርድ የሚያሸንፈው አንድ ቀን አለ፤ እርጥብ ሆኖ የተወለደበት ቀን። በዝናብና በነፋስ ቀን ከተወለደ ደረቅ ጉዝጓዝ ያለበት መከለያ ያስፈልገዋል። እትብቱን አዮዲን መቀባት ስትፈልጉ በእናቲቱና በእናንተ መካከል አጥር ይኑር። የለመደች ላም እንኳ ያን ሰሞን አታውቃችሁም።

ከላም ጋር ማዳቀል የሚያስብ ካለ ይህን ይወቅ፦ ድቅሉ ብርቱ ነው፤ ሴቷም ከንጹሕ ያክ የበለጠ ወተት ትሰጣለች። ወንዱ ድቅል ግን መካን ነው። ትልቅ ዝርያ ኮርማ በትንሽ ያክ ላይ መልቀቅ ደግሞ ምጡን ያከብደዋል።

ወተትና ጠጉር

ለወተት ብላችሁ ያክ አትግዙ። በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብታገኙ ነው፤ እሱም ከጥጃው የተካፈላችሁት። ጥራቱ ግን ሌላ ነው፤ ስቡ ብዙውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ጥጃው ካልተጠጋ ወተቷን አታወርድም። የጡቷ ጫፍም አጭር ስለሆነ በመዳፍ ሳይሆን በሁለት ጣት ነው የምትታለበው። ሁለቱን ጡት ለጥጃው ተዉለት።

ለሥጋ የሚያረባ ሰው ትዕግሥት ይኑረው። ያክ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የተኮላሸው ወንድ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሚረባ ሥጋ አይይዝም።

ጠጉሩ ሁለት ዓይነት ነው። ከላይ ያለው ረጅምና ሸካራ ነው፤ ገመድ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሱፍ ከ16 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) የሚቀጥን ነው፤ ካሽሚር ለሚባለው ለስላሳ የፍየል ሱፍ የቀረበ ማለት ነው። አየሩ መሞቅ ሲጀምር ሱፉ ከቆዳው ይላቀቃል። ያን ጊዜ አትሸልቱት፤ አበጥሩት። ረጅም ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከአንገቱና ከትከሻው ጀምራችሁ በየሦስት ቀኑ ለጥቂት ሳምንታት ሥሩ። ከአንድ አዋቂ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ብታገኙ ደህና ነው፤ የጥጆችና የዓመት ልጆች ሱፍ ይበልጥ ይቀጥናል። ለመሸጥ ባታስቡ እንኳ አበጥሩት። ያልወጣ ሱፍ ይጋገራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሙቀቱ ሲመጣ እንስሳውን ያፍነዋል። የሆዱን ዙሪያ ረጅም ጠጉር ግን አትንኩት፤ በረዶ ላይ ሲተኛ ፍራሹ እሱ ነው። የወጣውን ሱፍ ጭረትና እበት ከለያችሁ በኋላ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት። በፕላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል።